“ሰው አይገድልም” የሚባለው የኮረንቲ መሣሪያ፦ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? ሰው ከተጎዳስ ምን ይደረግ?

ቴዘር፣ የኤሌክትሪክ ዱላ፣ ሾክ፣ ኮረንቲ… ስሙ ብዙ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ሰውን በኤሌክትሪክ አስነዝሮ ማስቆም። አምራቾቹም የሚይዙት ፖሊሶችም “ከጥይት ይሻላል” ይላሉ። እውነት ነው፣ ከጥይት ይሻላል። ከጥይት ተሻለ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለሞት የሚያደርሰው ጉዳት የትኛው እንደሆነ፣ እዚህ አሶሳና በአጠቃላይ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ማን ይበልጥ እንደሚጋለጥ፣ የተጎዳ ሰው ሲገጥማችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ በቅደም ተከተል እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ የሌላችሁ ቢያንስ የመጀመሪያ ርዳታውንና የማስረጃውን ክፍል አንብቡ።

🔹 ሁለት ዓይነት ነው

አንደኛው የሚተኮሰው ነው፤ በዓለም ላይ የሚታወቀው ቴዘር የዚህ ዓይነት ነው። ሽጉጥ ይመስላል። ሲተኮስ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ሁለት ሹል መርፌዎች ይወጣሉ። የመርፌዎቹ ጫፍ እንደ ዓሣ መንጠቆ ነው፤ ልብስ አልፎ ቆዳ ላይ ይሰካል። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ መርፌዎች መሃል ባለው የሰውነት ክፍል ያልፋል። መርፌዎቹ ተራርቀው ከተሰኩ ብዙ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ይኮማተርና ሰውየው እንደ ግንድ ደርቆ ይወድቃል።

ሁለተኛው በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚደረገው ነው። የኤሌክትሪክ ዱላ የሚባለው እዚህ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ብረቶች ስለሚቀራረቡ ኮረንቲው ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ይዞራል። ሙሉ ሰውነትን አያስቆምም፣ የሚሰጠው ሕመም ነው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ቢላ ይዞ የሚሮጥን ሰው ከርቀት ለማስቆም የሚያገለግለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሚጠቅመው ሰውን በሕመም ለማስገደድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የማሰቃየት ድርጊት ልዩ ራፖርተር እ.ኤ.አ. በ2023 ለጠቅላላ ጉባኤው ባቀረቡት ሪፖርት፣ ሰውነት ላይ በቀጥታ የሚደረጉ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ፈጽሞ ሊመረቱና ሊሸጡ አይገባም ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ የገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

🔹 የቮልቱ ቁጥር አያሳስታችሁ

ስለዚህ መሣሪያ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው “50 ሺህ ቮልት” ነው። ይህ ቁጥር በአየር ላይ ብልጭታ ለመፍጠርና ልብስን ለማለፍ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ሰውነት ጋ ሲደርስ ቮልቱ በጣም ይቀንሳል። ለምሳሌ ኤክስ 26 በተባለው የቴዘር ሞዴል ወደ 1,200 ቮልት ይወርዳል፤ አማካይ ኮረንቲውም ጥቂት ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። ኮረንቲው የሚሄደው በሰከንድ 19 ጊዜ ገደማ በሚደጋገሙ እጅግ አጫጭር ምቶች ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት 5 ሰከንድ ይሠራል፤ ጣት ካልተነሳ ግን ይቀጥላል።

እንግዲህ በቤት ሶኬት ኮረንቲ ከመያዝ ጋር አንድ አይደለም። ቮልቱ ብቻውን አደጋውን አይነግረንም። መጠየቅ ያለበት የት አካል ላይ አረፈ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ሰውየው የት ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን አደረገለት የሚለው ነው።

🔹 የሚጎዳው፣ አንዳንዴም የሚገድለው ምንድን ነው?

1. መውደቅ። ስንደናቀፍ እጃችንን ዘርግተን ጭንቅላታችንን እንከላከላለን። በቴዘር የተመታ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ እጁም እግሩም አይታዘዘውም። ጭንቅላቱ አስፋልት ወይም ድንጋይ ላይ ካረፈ የራስ ቅል ስብራትና የአንጎል ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አውስትራሊያ፣ ኩማ በምትባል ከተማ፣ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በመራመጃ ድጋፍ የምትሄድ የመርሳት ሕመም ያለባት የ95 ዓመት አዛውንት የወጥ ቤት ቢላ ይዛ ስለነበር ፖሊስ ቴዘር ተኮሰባት። ወደቀች፣ ጭንቅላቷ ተመታ፣ ከሳምንት በኋላ አረፈች። ፖሊሱ በ2024 በሰው መግደል ጥፋተኛ ተብሏል። እሷን የገደላት ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ውድቀቱ ነው።

2. ልብ። መርፌዎቹ ደረት ላይ፣ ልብ አካባቢ ከተሰኩ ኮረንቲው የልብን ምት ሊይዘው ይችላል። ልብ ምቱን ስቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ከጀመረ ደም መርጨት ያቆማል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተረዳ ሰውየው ይሞታል። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ዳግላስ ዛይፕስ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት ላይ ደረታቸው ላይ ተተኩሶባቸው ራሳቸውን የሳቱ 8 ሰዎችን ጉዳይ አሳትመዋል፤ 7ቱ ሞተዋል። አምራቹ ኩባንያ ራሱ በ2009 ተጠቃሚዎቹን ደረት ላይ ከማነጣጠር ተቆጠቡ ብሎ መክሯል። እንዲህ ያለው የልብ አደጋ ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ሲከሰት ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

3. መደጋገም። አንድ ሰው ላይ ኮረንቲው በተራዘመ ቁጥር ጡንቻ ይደክማል፣ ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፣ የጡንቻ ሕዋሳት ይፈራርሳሉ፣ ፍርስራሹም ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። በአሜሪካ የፖሊስ አመራሮች ጥናት ፎረም በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ በድምሩ ከ15 ሰከንድ በላይ መጠቀም የከባድ ጉዳትና የሞት አደጋን ሊጨምር ይችላል ብሏል። ይህም ሦስት ጊዜ መጫን ማለት ነው።

4. ከዚያ በኋላ የሚመጣው አያያዝ። ሰውየው ወድቆ በደረቱ ተኝቷል፣ እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሯል፣ ጀርባው ላይ ሁለት ሦስት ሰው ተጭኖበታል። በዚህ ሁኔታ ደረት መስፋት ስለማይችል ትንፋሽ ያጥራል። ብዙዎቹ የሞት አጋጣሚዎች ላይ ቴዘሩ ብቻውን አልነበረም፤ መጫኑም አብሮ ነበር።

5. መርፌው ራሱ። ዓይን ላይ ከተሰካ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ጭንቅላት ላይ ተመትቶ የሚጥል ሕመም የመሰለ መንቀጥቀጥ የደረሰበት ሰው በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ያ ሰው በስህተት የተመታ ፖሊስ ነበር። የጡንቻው መኮማተር ብቻውን ትከሻ ሊያወልቅ፣ የጀርባ አጥንት ሊሰብርም ይችላል።

6. እሳት። መሣሪያው ብልጭታ አለው። ልብሱ ላይ ቤንዚን የፈሰሰበት ሰው ሊቀጣጠል ይችላል። እንደኛ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ መንገድ ዳር በሚሸጥበት አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

🔹 ታዲያ በአጠቃላይ ምን ያህል አደገኛ ነው?

መረጃውን ሳናጋንን እናስቀምጠው። የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ ጤነኛ ጎልማሳ ላይ ለአጭር ጊዜ ሲውል በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ ከፍተኛ የሞት አደጋ መኖሩን የሚያሳይ የማያሻማ የሕክምና ማስረጃ የለም ብሏል። በሌላ በኩል ሮይተርስ በ2017 ባደረገው ምርመራ፣ አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመባቸው በኋላ የሞቱ 1,005 ሰዎችን ለይቷል። ከእነዚህ በ153ቱ የአስከሬን ምርመራው ቴዘሩን የሞት ምክንያት ወይም አስተዋጽዖ ያደረገ ብሎ ጠቅሶታል።

ሁለቱ መረጃዎች አይጋጩም። ጤነኛ፣ ጎልማሳ፣ ሜዳ ላይ የቆመ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተመታ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል። ፖሊስ በተግባር የሚያገኘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ታማሚ ነው፣ ሰክሯል፣ ሮጦ ደክሟል፣ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሟል።

🔹 እኛ አገር ኮረንቲ የሚታወቀው በምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰው አካል ላይ መዋሉ በአብዛኛው የሚነሳው ከጎዳና ላይ ጸጥታ ማስከበር ጋር ሳይሆን ከምርመራ ክፍል ጋር ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2014 በኦሮሚያ ስለታሰሩ ሰዎች ባወጣው ሪፖርት ከጠቀሳቸው የማሰቃያ ዘዴዎች አንዱ በኤሌክትሪክ ማስነዘር ነበር። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ፣ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰጡት መግለጫ በእስረኞች ላይ ተፈጸሙ ካሏቸው ድርጊቶች መካከል ይኸው ይገኝበታል።

ከአገር ውጭም ወገኖቻችንን ነክቷል። እስራኤል ውስጥ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ፖሊስ ቴዘር የተጠቀመበት አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኝቷል። ቤተሰቡ ልጃችን ከዚያ ቀን በኋላ እንደ በፊቱ አልሆነም ብለዋል። ጉዳዩ በ2015 የፖሊስ ጥቃትን በመቃወም ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ ለወጡት ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ምሬት ነበር። ቁስል ባይኖርም ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴም የጉዳቱ አካል መሆናቸውን አንርሳ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ወይም ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ክልክል ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ ማንም በኃይል ተገዶ እንዲያምን እንደማይደረግ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 በያዘው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ድርጊት የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተቀብላለች።

ባጭሩ፦ እጁ በካቴና የታሰረን፣ እጅ የሰጠን ወይም ጣቢያ ውስጥ ያለን ሰው በኮረንቲ ማስነዘር ጸጥታ ማስከበር አይባልም። ወንጀል ነው።

🔹 በእኛ ክልል ማን ይበልጥ ይጋለጣል?

▪ የወባ ሕመምተኛ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ የሚበዛበት ክልል ነው። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ሰው ይቀባዥራል፣ ይወራጫል፣ ትእዛዝ አይሰማም። ደም ውስጥ ያለ ስኳር ሲወርድም እንደዚሁ። ከሩቅ ሲያዩት የሰከረ ወይም “እምቢ ያለ” ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሰው በኮረንቲ መምታት ታማሚን መምታት ነው። የሚጥል ሕመምና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም በዚሁ መልክ በስህተት ይጋለጣሉ።

▪ ትእዛዙ ያልገባው ሰው። እዚህ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ይኖራሉ፤ ሌሎችም ብዙዎች አሉ። የሱዳን ስደተኞችም በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች ይኖራሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መርሆዎች ኃይል ከመጠቀም በፊት ግልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይላሉ። ሰውየው በማይሰማው ቋንቋ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ግን እንዳልተሰጠ ነው። “ቁም!” ሲባል ያልቆመ ሁሉ አመጸኛ አይደለም።

▪ ቀጭን ሰውና ልጆች። ከቆዳ እስከ ልብ ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር ኮረንቲው ልብ ጋ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል።

▪ ነፍሰ ጡር። ውድቀቱም ኮረንቲው ሆድ ላይ ማረፉም ለእናትና ለፅንስ አደጋ አለው።

▪ ከፍታ ወይም ጉድጓድ አጠገብ ያለ ሰው። በኩርሙክና በመንጌ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚቆፈርባቸውን ጉድጓዶች አስቡ። አፋፍ ላይ የቆመ፣ ግድግዳ ላይ የወጣ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ፣ ውኃ ዳር ያለ ሰው ላይ መተኮስ የውድቀቱን ጉዳት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

▪ ከሆስፒታል የራቀ ሰው። ምናልባት ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው። ቴዘር “ያነሰ ገዳይ” የተባለው አምቡላንስ በደቂቃዎች ውስጥ በሚደርስባቸው ከተሞች ነው። ከኩርሙክ አሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መተከልን ከአሶሳ ዓባይ ይለያቸዋል። የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም የቆመ ልብ ይህን ሁሉ መንገድ አይጠብቅም።

🔹 የመጀመሪያ ርዳታ፦ አጠገቡ ካላችሁ

1. መሣሪያው ሥራውን ሲያቆም ኮረንቲውም ያበቃል፤ ሰውየውን መንካት ይቻላል። ከመብራት ሽቦ ጋር አታምታቱት። ገና እየሠራ ሳለ ግን መርፌዎቹንም ሽቦዎቹንም አትንኩ።

2. ጥሩት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጉት። ትንፋሹን እዩ። መልስ ከሌለውና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው ሰው አስጠርታችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ፦ በደረቱ መሃል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ።

3. እየተነፈሰ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። በደረቱ ተኝቶ እንዲቆይ አታድርጉ፤ ጀርባው ላይ ማንም እንዳይቀመጥ። ይህን ለፖሊሱም በትህትና ንገሩት። ካቴና ማሰር ካስፈለገ ታስሮም በጎኑ መተኛት ወይም መቀመጥ ይችላል።

4. ከከፍታ ከወደቀ ወይም አንገቱን ካመመው ጭንቅላቱንና አንገቱን አታንቀሳቅሱ።

5. ዓይን፣ ፊት፣ አንገት፣ ብልት ወይም የሴት ጡት ላይ የተሰካ መርፌ እንዳትነቅሉ። እንዳለ ሆኖ ሐኪም ጋ ይሂድ።

6. ቁስሉን በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠቡት። ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግበትም። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባቱን ሐኪም ይይለት።

🔹 “ደህና ነኝ” ቢልም ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

▪ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት። እነዚህ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ይፈልጋሉ።
▪ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ድብታ፣ የዓይን ብሌኖች አለመመጣጠን፣ የንግግር መደናገር። ለ24 ሰዓት ብቻውን አትተዉት።
▪ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ሲጠቁር። የጡንቻ መፈራረስ ምልክት ሊሆን ይችላል። በአካባቢያችን ወባም ይህን ስለሚያመጣ ሁለቱም ይመርመሩ።
▪ ከ15 ሰከንድ በላይ ወይም ተደጋግሞ የተመታ ሰው።
▪ የልብ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ፣ አዛውንት።

በአሶሳ ዙሪያ ያላችሁ አሶሳ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ መተከል ያላችሁ ፓዌ ጠቅላላ ሆስፒታል አለላችሁ። ከዚያ የራቃችሁ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይቅደም። ለሐኪሙ “ወደቀ” ብቻ አትበሉት። በኤሌክትሪክ መመታቱን፣ የት አካሉ ላይ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ንገሩት። ሕክምናው የሚለየው በዚህ ነው።

🔹 ማስረጃው ቶሎ ይጠፋል

የኤሌክትሪክ ዱላ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦችን ትቶ ይሄዳል። በቀናት ውስጥ ይደበዝዛሉ፣ ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቃል በቃል ክርክር ነው። ስለዚህ፦

▪ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን የትኛው አካል እንደሆነ በሚያሳይ ርቀት። አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጡ፤ መጠኑ ይታወቃል።
▪ ሐኪሙ ካርዱ ላይ የቁስሉን ቁጥር፣ መጠን፣ ቦታና ታማሚው የነገረውን እንዲጽፍ ጠይቁ። ማሰቃየትን የሚመለከት የሕክምና ምርመራ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያሳይ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ፤ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ይባላል፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ታድሷል። ለጤና ባለሙያዎቻችን ጠቃሚ ነው።
▪ ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ይጠየቅበታል። ሕክምናው ራሱ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። መጀመሪያ ይታከም።
▪ የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት በቤተሰቡ፣ በሐኪምና በጠበቃ የመጎብኘት መብት አለው። በአንቀጽ 19 መሠረት ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም። ዳኛው ፊት ሲቀርብ ጉዳቱን ያሳይ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርለትም ይጠይቅ።
▪ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሶሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ይቀበላል።

🔹 ለጸጥታ አካላትም አንድ ቃል

ይህ ጽሑፍ ፖሊስን ለማጥላላት አልተጻፈም። ሕይወት ሊያጠፋ የተነሳን ሰው በጥይት ፈንታ በሌላ መንገድ ማስቆም ከተቻለ ሁላችንም እናተርፋለን። ግን መሣሪያው ከመመሪያው ቀድሞ መምጣት የለበትም። ደረትና ጭንቅላት ላይ እንዳይተኮስ፣ እንዳይደጋገም፣ የታሰረ ሰው ላይ እንዳይውል፣ እያንዳንዱ አጠቃቀም እንዲመዘገብ፣ የተመታ ሰው ሁሉ በጤና ባለሙያ እንዲታይ የሚያዝ ግልጽ መመሪያ ሕዝብም ሊያውቀው ይገባል። ይህ ከሌለ “ሰው አይገድልም” የሚለው ቃል መሣሪያውን ቶሎ ቶሎ እንዲያነሱት ከማድረግ በቀር ማንንም አያድንም።

ጽሑፉን ለጤና ባለሙያ፣ ለፖሊስ ወዳጃችሁና ለቤተሰባችሁ አጋሩት። አማርኛ ለማያነቡ በየቋንቋቸው ንገሯቸው፤ በተለይ የመጀመሪያ ርዳታውን።